ለአንድ ሰው የሚሆን መረብ

ጡረታ የወጣ ሰው ይረሳል ይላሉ። እኔ ግን ስሜ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር የተነሣው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። «ዓሣ አጥምዶ ሳይሆን በዓሣ ተጠምዶ ሚኒባስ የተሳፈረው ሽማግሌ» እየተባልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአልዩ አምባ በታች ወዳለው ወንዝ ብቻዬን ወርጄ ነበር። ማጥመጃዬ ከእንጨት የተቀረጸች፣ ትንሽ ዓሣ የምትመስል ማታለያ ናት፤ ከሆዷ ሥር አንድ፣ ከጭራዋ ሥር አንድ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ተንጠልጥሎባታል። ቢልጫ የምንለው ባለ ቅርፊት ዓሣ የሆዷን መንጠቆ ጎረሰ። ሰው ስለሌለ በአንድ እጄ ዘንጉን፣ በሌላው መረቡን ይዤ ራሴው ተቀበልኩት። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። መረቡ ግን ከቀጭን የናይለን ክር የተሠራ ነበርና የጭራዋ መንጠቆ ክሩ ውስጥ ገብቶ ተተበተበ። ልፈታው እጄን ስሰድ ዓሣው አንዴ ተወራጨ፤ ሥራ ፈታ የነበረችው ጥርስ መዳፌ ውስጥ ገባች። የመንጠቆ ጥርስ ጫፏ ላይ ወደ ኋላ የዞረች እሾኽ አለቻት፤ መግባት እንጂ መውጣት አታውቅም። ዓሣው ከማታለያዋ፣ ማታለያዋ ከመረቡ፣ መረቡ ከእኔ ተያይዘን አንድ ቤተሰብ ሆንን። ፒንሳዬ ደብረ ብርሃን ቤቴ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ቢላ ነበረኝ፤ ግን የተያዘው ቀኝ እጄ ነው፣ በግራዬ ደግሞ ዳቦ እንኳ ቆርጬ አላውቅም። ብጮህ የሚሰማኝ ዝንጀሮ ብቻ ነው። እንዳለሁ ዳገቱን ወጣሁ።

የሚኒባሱ ረዳት ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ነገር እላይ ይጫናል ወይስ እውስጥ ይቀመጣል?» አለ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። «ወንድሜ፣ ነፍስ አለው?»

«የማናችን?» አልኳቸው።

ጤና ጣቢያ ስደርስም ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ታማሚው የትኛው እንደሆነ ነው። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ በተጠቀለለው እጄ ቁልፉን ማዞር ሲያቅተኝ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ልጄ ሰናይት ከአዲስ አበባ መጣች። እጄን አገላብጣ አየችው።

«አባዬ፣ ብትወድቅስ? ውኃው ቢወስድህስ? ማን ነበር አጠገብህ?»

«ዓሣው ነበረ።»

አልሳቀችም። እናቷ ከሞተች ወዲህ በእኔ ቀልድ መሳቅ ትታለች፤ ድሮም የምትስቀው እናቷ ስትስቅ አይታ ነበር መሰለኝ።

«ከፋሲካ በኋላ መኪና ይዤ እመጣለሁ። አልጋህንና ዕቃህን ጭነን እኛ ጋ ትኖራለህ። ክፍሉን አዘጋጅቻለሁ።»

ክፍሉን አውቀዋለሁ። ኮንዶሚኒየም ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የሌላ ሰው መስኮት ይታያል። የቤቱ ሰዎች ደጎች ናቸው፣ ይበሉ ይጠጡ ይላሉ፤ እኔ ግን እዚያ በተቀመጥኩ ቁጥር ከፖስታ ቤት ያልተወሰደ ጥቅል ዕቃ እመስላለሁ። ይህን ብላት ታለቅሳለች። ስለዚህ በሌላ በኩል ዞርኩ።

«የተያዝኩት በእርጅና አይደለም፣ በመረብ ምርጫ ነው። የማይሆን መረብ ይዤ ወረድኩ። የሚሆነውን ልያዝና አንድ ጊዜ አብረሽኝ ወርደሽ እዪ። መንጠቆው እጄን ወይም መረቤን ከያዘ ዕቃዬን ራሴው እጭናለሁ። ካልያዘ ትተዪኛለሽ።»

እጄን ቀስ አድርጋ ጉልበቴ ላይ መለሰችው። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለች በመጨረሻ።

እንግዲህ ቤቴን አስይዤ መረብ ልመርጥ ተነሣሁ። ሌላው ሰው ቤቱን አስይዞ መኪና ይገዛል።

መረብ የመያዝ ሥራ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ዕድሜዬን የበላው እሱ ነው። በዞኑ ግብርና ቢሮ የዓሣ ክፍል የሚባል ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ የዓሣ ክፍል ማለት በረሃ ላይ የበረዶ መጋዘን እንደማለት ነው ብለው የማይቀልዱብን ሠራተኞች አልነበሩም። የእኛ ሥራ ከቆላ ወንዞች ወላድ ዓሣ በሕይወት ይዞ፣ በርሜል ውስጥ አድርጎ፣ ገበሬ ለመስኖ ወዳቆረው ኩሬ ማድረስ ነበር። የተዘረጋ መረብ ዓሣውን አንቆ ስለሚገድለው በዘንግና በማታለያ እንይዛለን። አንድ ሰው ዘንጉን ይይዛል፤ ዓሣው ሲቀርብ ሌላው የእጅ መረብ አስገብቶ ይቀበላል። እኔ ያ ሌላው ነኝ። ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ ብዬ ለሰው አወራለሁ እንጂ እውነቱ የዓሣ አዋላጅ ነበርኩ። ሌላው ያምጣል፣ እኔ እቀበላለሁ።

መዘዞ ሠራሁ፣ አረርቲ ሠራሁ፣ ተመልሼ ደብረ ብርሃን ሠራሁ። ደመወዙ ትንሽ፣ የውሎ አበል ቅጹ ትልቅ ነበር። አለቆች ተፈራርቀዋል። ከሁሉ የማልረሳቸው አቶ ተሾመን ነው። ዓሣን ከቆርቆሮ ጣሳ ውጭ አይተው አያውቁም፤ ግን ሁሉንም ነገር በፎቶግራፍ ማስነሣት ይወዱ ነበር። ወንዝ ዳር መጥተው መረቡን ተቀብለውኝ ይነሡና መልሰው ይሰጡኛል። ጨርቃቸው ሳይረጥብ ከእኔ የበለጠ መረብ የያዙበት ፎቶ አላቸው።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ሰይድ ነው። የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ አባቱ ነጋዴ ነበሩ፣ እሱ ግን ከሚዛን ይልቅ ውኃ ወደደ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ውኃ ውስጥ ሲቆም እንደተተከለ እንጨት የማይነቃነቅ። ፒንሳውን በሲባጎ አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ገረመኝና ትክ ብዬ ሳየው፣ «አንተ ማተብህን፣ እኔ ፒንሳዬን» አለኝ። ዓሣ ከመንካቱ በፊት እጁን ሁለት ጊዜ ውኃ ውስጥ ይነክራል። ደረቅ እጅ የዓሣውን ሙልጭልጭ ልባስ ይገፈዋል፣ ልባሱ የተገፈፈ ዓሣ ደግሞ ሻጋታ ይይዘውና ይሞታል። እኔ ረስቼ በደረቁ ስነካ፣ «ውዱእ አድርግ እንጂ አንተ ክርስቲያን» ይለኛል።

የመረብን ነገር ሲያስተምር ብዙ አያወራም። ዓሣው ሩቅ ሳለ መረቡን አስቀድመህ ውኃ ውስጥ አጥልቅ፤ ጠብቅ። ዓሣውን ወደ መረቡ ያመጣዋል ዘንግ የያዘው ሰው። እኔ መጀመሪያ አካባቢ መረቡን ይዤ ዓሣውን እንደ ዶሮ አሳድድ ነበር። ጋሽ ሰይድ አልተቆጣም። በዚያን ቀን ምሳ ስንበላ ዳቦዬን ከእጄ ወስዶ ወዲያና ወዲህ እያሸሸ በአፌ እንድይዘው አስገደደኝ።

«ያዝከው?»

«አልያዝኩትም ጋሽ ሰይድ።»

«አፍህን ከፍተህ ዝም በል እስቲ።»

ዝም አልኩ። ዳቦውን አምጥቶ አጎረሰኝ። «መረብም እንዲህ ነው» አለ።

ቀጥሎም፦ ዓሣውን ከራሱ በኩል አስገባው፣ ዓሣ ወደ ኋላ መዋኘት አይችልም። ከገባ በኋላ በእጀታው አታንሣው፤ ቀለበቱን ያዝ፣ እጀታ ይጣመማል። ደግሞም ከሁሉ በላይ ትርፉን መንጠቆ እይ። ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ሁለት ያላት ማታለያ ስድስት ጥርስ አላት፤ ዓሣው የያዘው አንዱን ወይ ሁለቱን ነው። የቀሩት ሰው ይፈልጋሉ። ይህን ሲል ይስቅ ነበር። የቀሩት ማንን እንደሚፈልጉ በኋላ አየን።

የቢሯችን ጥሩ መረብ አርጅቶ ተቀደደ። አዲስ ይገዛል ተባለ፤ እንደ ተባለ ቀረ። ከመዘዞ በላይ ያሉ ገበሬዎች ግን ኩሬያቸውን ቆፍረው ጨርሰው፣ ውኃ ሞልቶላቸው፣ ዓሣው መቼ ነው ይሉናል። ያን ጊዜ ነው ከአረርቲ የመጣ የሽንኩርት ጆንያ መኪናችን ላይ ያገኘነው። ቀዩን፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን። ጋሽ ሰይድ አነሣው፣ ጎተተው፣ ፊቱን አስገባበት። «ለስላሳ ነው» አለ። እኔም ጎተትኩት። ለስላሳ ነው። ሾፌሩም መጥቶ ለስላሳ ነው አለ። ሽንኩርትን ሳይልጥ ከአረርቲ ደብረ ብርሃን የሚያደርስ ነገር ዓሣን እንዴት ይጎዳል? ቀለበቱ ላይ ሰፋነው። አቶ ተሾመ ሲያዩት ደስታቸው ወሰን አጣ፤ የአገር ውስጥ ፈጠራ ብለው ይዘውት ፎቶ ተነሡ።

ወንዙ ላይ ጋሽ ሰይድ ዘንጉን፣ እኔ ጆንያውን ይዘናል። የያዘው ቢልጫ ሆዷ በዕንቁላል የተወጠረች ትልቅ እናት ነበረች። እንደሷ ያለ አይተን አናውቅም። እያባበለ አመጣት። ጆንያው ጠልቆ ይጠብቃል፣ እኔም አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ራሷ ቀለበቱን ልታልፍ አንድ ጣት ሲቀራት የማታለያዋ የጭራ መንጠቆ የጆንያውን ጠርዝ ከውጭ ያዘ። የጆንያ ክር ዝርዝር ነው፤ ጥርሷ ስትገባበት አይለቅም፣ ስትወዛወዝ ይባስ ይጠመጠማል። እንግዲህ ዓሣዋ አልገባች፣ አልወጣች። አፏ ከክሩ፣ ክሩ ከዘንጉ፣ የማታለያዋ የጭራ መንጠቆ ከእኔ ጆንያ። ባነሣው ልትቀደድ ነው። ባወርደው ትሄዳለች። እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ጋሽ ሰይድ ዘንጉን ጥሎ መጣ። እጁን ከሥሯ ሰዶ ሊያቅፋት ሲል ተገለበጠች፤ ትርፏ ጥርስ አውራ ጣቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ገባች። አልጮኸም። «ፒንሳ» አለ ብቻ፤ ፒንሳው ያለው እሱው አንገት ላይ ነበር። እኔ አንገቱ ላይ እያየሁት ኪሴን እፈትሻለሁ። ጥርሷን ቆርጬ እስካላቅቀው ዓሣዋ አፏ ተቀዶ ጆንያው ላይ ተንጠልጥላ ሞተች። ዕንቁላሏ ወንዙ ላይ ፈሰሰ፤ ብርቱካን መስሎ ለአፍታ ከፍ ብሎ ታየና ሄደ።

ሌላ ዓሣ በዚያ ቀን አልያዝንም። ኩሬው ዘንድ ስንደርስ ገበሬዎቹ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ካህኑም መጥተው ጠበቁን። አቶ ተሾመ በጆሮዬ፣ «በርሜሉን ዝም ብላችሁ ገልብጡት፣ ውኃው ራሱ ምሳሌ ነው» አሉኝ። ጋሽ ሰይድ ሰማ። በጨርቅ የተጠቀለለውን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደፊት ወጣና፣ «ወገኖቼ፣ በርሜሉ ባዶ ነው። ዛሬ አልሆነልንም» አላቸው። አንዲት አሮጊት ብቻ መጥተው እጁን ያዙና፣ «አንተስ ተረፍክ ወይ ልጄ?» አሉት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጆንያውን ረግሜ ረግሜ ስጨርስ ጋሽ ሰይድ እንዲህ አለኝ፦ «ጆንያው ምን አደረገ? ሥራው ሌላ ነው። ሽንኩርት አይታገልም።»

አውራ ጣቱ ከዚያ በኋላ አልታጠፈም። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት፤ እዚያ ጥቂት ከርሞ አገሩ ገባ። እኔ ከሌሎች ዘንግ ያዦች ጋር ሠራሁ። መልካም ሰዎች ነበሩ፤ ግን ዳቦ ያጎረሰኝ የለም። እየቆየ ክፍሉም ተዘጋ፣ እኔም ዕድሜዬ ደረሰና አንድ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ሚስቴ ጋቢውን አጥባ ሳትጨርስ ታመመች። እሷ ከሄደች ወዲህ ነው ዘንግ ገዝቼ ብቻዬን መውረድ የጀመርኩት። ዘንግ የሚይዝ ሰው ጠፍቶ መረብ ብቻ ይዞ ወንዝ መውረድ ደግሞ ለሚያየኝ ሰው ቢራቢሮ አሳዳጅ ያስመስለኛል።

ወደ ምርጫው ልመለስ። ደብረ ብርሃን የእጅ መረብ የሚሸጥ ሱቅ የለም። የናይለን መረብ የሚሠራ ሰው ይገኛል፤ ግን ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ ይዞ ናይለን መረብ መያዝ ሉጫ ጸጉርን በአሜከላ ማበጠር ነው። ክሩ በቀጠነ ቁጥር መንጠቆ ይወደዋል። ቋጠሮ ካለበትም ዓሣውን ይፍቀዋል። የሚያስፈልገኝ ጎማ ነው። ጎማ ላይ የመንጠቆ ጥርስ ቢያርፍ ይነጥራል፣ ቢወጋም ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል፤ የሚጠመጠምበት ክር የለውም። የጎማ መረብ ከሚሠራበት አገር ማስመጣት ይቻላል ይላሉ። እኔ ግን ደብረ ሲና ወረድኩ። ከባድ መኪና ከሚያልፍበት ከተማ የተሻለ የጎማ አገር የት አለ?

ወርቁ የሚባል ጎሚስታ ነው። ያረጀ ካላማዳሪ ክምር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ካላማዳሪ በቀጭኑ እንድትሸነሽንልኝ ነው» አልኩት።

«ለምን ነገር አባባ? ለአልጋ?»

«ለዓሣ።»

ሻዩን አስቀመጠ። «ዓሣ ጎማ ፈነዳበት?»

«እኔ ነኝ የፈነዳሁት» ብዬ መዳፌን አሳየሁት። ጠባሳዋን በጥቁር ጣቱ ጫን አድርጎ አያት። ሚኒባሱ ላይ የነበረውን ወሬ ሰምቶ ኖሮ፣ «እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብሎ ጎረቤቶቹን ሁሉ ጠራቸው። ታዋቂ መሆን ጥቅም አለው፤ ሻይ ተጋበዝኩ።

ወርቁ የሸነሸነውን አቋርጠን አቋርጠን ዘረጋነው። እንዳልቋጥር ነገርኩት፤ መገናኛውን በማስቲሽ አጣብቆ በጋለ ብረት ጫነው። ቀዳዳው ምን ያህል ይሁን አለኝ። ሁለት ጣቴን ሰጠሁት፤ ከዚያ ከጠበበ ውኃው ይገፋዋል፣ ከሰፋ የዓሣው ክንፍ ይሾልክና ይሰነጠቃል። ጥልቅ ከረጢት አድርጎ ሊሠራው ሲል ከለከልኩት። ጥልቅ መረብ ውስጥ ዓሣ ይጠቀለላል፤ ሲጠቀለል ትርፉን መንጠቆ ይዞ ነው። እንደ ሰፌድ ጠፍጠፍ ያለ፣ መሬቱ ዝርግ፣ ዓሣው ጋደም የሚልበት አድርገነው ቀለበቱን ከቀጭን ፌሮ አስበየድኩ። አፉ ሰፊ ነው፤ ጠባብ አፍ መንጠቆን በጠርዝ ይጠራል። ያን ነገር አንዴ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል።

«እጀታውስ?» አለ በያጁ።

የወይራ እንጨት ይዤ ነበር። ረጅም ነው፤ ውኃ ውስጥ የቆመ ሰው ዘንግ ለያዘ ጓደኛው ከሩቅ የሚቀበልበት ቁመት። ሠራተኛ ሳለሁ የያዝኩት ሁሉ እንዲህ ነበር። በያጁ ገጠመው። ሲያልቅ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ደብረ ሲና መንገድ ላይ ስሄድ ለመስቀል በዓል መቋሚያ የተሸከመ የጠፋ ደብተራ መሰልኩ።

ሰናይትን መረቡ አልቋል አላልኳትም። እጀታው ረጅም የሆነው በአንድ ተስፋ ነበር። ጋሽ ሰይድን ካገኘሁት ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ በስልክ ዒድ ሲሆን እኔ፣ ፋሲካ ሲሆን እሱ እንደዋወላለን፣ ከዚያ ያለፈ የለም። እሱ መረቡን ከያዘልኝ፣ እኔ ዘንጉን ከያዝኩ፣ ልጄ ስትመጣ ሁለት ሰው ታያለች። ብቻውን ነው የሚለው ነገር ያበቃል። ይህን ሁሉ መንገድ ላይ አስቤ፣ እንዴት እንደምለምነው ንግግር አዘጋጅቼ አልዩ አምባ ደረስኩ።

የልጁ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሸምግሏል። እኔም እንዲሁ ሳልሆን አልቀርም፤ እንዳየኝ፣ «ደምሴ! አባትህን መስለህ መጣህ» አለኝ። ተቃቀፍን። የሱ ትከሻ አጥንት ብቻ ነበር።

መረቡን ሰጠሁት። ጭኑ ላይ ዘረጋው። የማይታጠፈውን አውራ ጣቱን በቀለበቱ ዙሪያ አስኬደው፤ መገጣጠሚያ መገጣጠሚያውን ሳብ ሳብ አደረገ። ከሱቁ የልብስ መርፌ አስመጣና ጎማውን ወግቶ ነቀለው። ደግሞ ወጋው፣ ነቀለው።

«ይለቃል» አለ።

«ይለቃል ጋሽ ሰይድ።»

«ካላማዳሪ ነው?»

«የትራክ።»

ፈገግ አለ። ከዚያ እጀታውን አየ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ሄደበት። «መረብ ያዡ ማነው?»

ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። «እርስዎ» አልኩ።

መንገዱን አየ። አህያ ጭነው የሚያልፉ ሰዎች ሰላም አሉት፣ መለሰላቸው። እስኪያልፉ ጠበቀ። «ደምሴ፣ እኔ ለዙሁር ሶላት ከቤት ወጥቼ መስጊድ ደርሼ ስመለስ የአስር ሶላት ይደርሳል። ወንዝ ብወርድ የሚያወጣኝ ደግሞ ሌላ መረብ ሊሠራ ነው።»

«ዳር ላይ ተቀምጠው—»

«ዳር ተቀምጬ ምን ልሆን? ምልክት?» ብሎ ወደ ሱቁ ዞረና፣ «መጋዝ አምጡ» አለ።

የልጁ ሚስት መጋዝ አመጣች። ጋሽ ሰይድ ክንዴን ያዘና ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ በእጀታው ላይ ለካው። ብቻህን ስትሆን በአንድ እጅህ ነው የምታነሣው አለኝ፤ እጀታው ከክንድህ ከረዘመ ዓሣው መረቡ ላይ ሲተኛ እጅህ አይችለውም፣ ትንቀጠቀጣለህ፣ ስትንቀጠቀጥ መንጠቆው ሰው ይፈልጋል። ዘንጉን ከራስህ በላይና ወደ ኋላ፣ መረቡን ከጉልበትህ በታች፣ ራስህ ተንበርክከህ። እያወራ ይጋዛል። አውራ ጣቱ ስለማይታዘዘው መጋዙን በአራት ጣት ነበር የያዘው። እኔ ደግሞ ወይራውን ይዤለታለሁ። አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ ይኼ ነው፤ አብረን መሥራት እንዳንችል የሚያደርገውን እጀታ መቁረጥ።

ሲጨርስ የተቆረጠውን አንሥቶ መሬት መታ መታ አደረገው። «ይቺ ለእኔ ትሁን፣ ጥሩ ምርኩዝ ናት» አለ።

ከፋሲካ በኋላ ሰናይት እንዳለችው መጣች። የጭነት መኪና ነው የያዘችው፤ ገመድና ሸራ ሳይቀር። ሾፌሩ ደልደል ያለ፣ ብዙ የማይጠይቅ ሰው ነው። «መጀመሪያ ወንዝ» አልኩ። በአንኮበር አድርገን ቁልቁል ወረድን።

ሰናይት ዓለት ላይ ተቀመጠች። ጫማዋ ለወንዝ የተሠራ አይደለም። ሾፌሩ ጥላ ፈልጎ ተኛ። እኔ ወረወርኩ፣ ጠቀለልኩ፤ ወረወርኩ፣ ጠቀለልኩ። ዓሣ ባይበላልኝ ምን ይባላል የሚለውን አልተዋዋልንም ነበር። ፀሐይ ስትከር ሰናይት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገች፣ ሰዓቷን ግን አላየችም። እናቷም እንዲህ ነበረች፤ ስትታገሥ አታስቆጥርም።

ከዚያ ዘንጉ ጎበጠ። ቢልጫ ነው፤ ወዲያ ወደ ዓለቱ ሥር ሮጠ፣ አባበልኩት፣ መጣ። ተንበረከክሁ። መረቡን አጠለቅሁ። ውኃው ጥርት ያለ ስለነበር ማታለያዋን አየኋት፤ የሆዷ መንጠቆ ከአፉ ጥግ ገብቷል፣ የጭራዋ ሦስት ጥርስ ግን ባዶውን ይወዛወዛል።

ሰናይት ተነሥታ አጠገቤ መጣች። ጫማዋ ውኃ ውስጥ ገብቷል። እጇን ወደ እጀታው ዘረጋች።

«አባዬ፣ ልያዝልህ?»

ድምፅዋ ውስጥ ዳኝነት አልነበረም። ውርርዱን ረስታዋለች። ዓሣ እንዳያመልጠኝ ብቻ ነው የፈለገችው። ያዢ ብላት ትይዝ ነበር። እኔም ሥራ ላይ ሳለሁ ያልያዝኩትን ዘንግ በሁለት እጄ ይዤ፣ ልጄ መረቡን አጥልቃ፣ «ጠብቂ፣ አታሳድጂው» እያልኩ ደስ ብሎኝ ቤቴን እሰጣት ነበር። ይህ ሁሉ በአንዴ ወደ አፌ መጣ። አፌ ግን የለመደውን ነው የሚያወጣው።

«ተቀመጪ፣ ጥላሽ ያስደነግጠዋል» አልኳት።

ወደ ኋላ ሸሸች። ዓሣው በራሱ በኩል ገባ። ቀለበቱን ያዝኩ። ትርፎቹ ጥርሶች ጎማው ላይ አረፉ፤ ዓሣው አንዴ ሲወራጭ አንዷ ነክሳ ነበር፣ ሳብ ሳደርጋት እንደ ቅቤ ወጣች። በፒንሳ የአፉን ነቀልኩ። መዳፌን ገልብጬ፣ ግራና ቀኙን፣ ለሰናይት አሳየኋት። እንደ አስማተኛ።

«እሺ አባዬ» አለች። «አሸንፈሃል።»

ዳገቱን ወጥተን መኪናው ጋ ደረስን። ዓሣውን ፌስታል ውስጥ አድርጌ፣ ለልጆቹ አብስይላቸው ብዬ ሰጠኋት። ከአንኮበር ወዲህ መንገድ ዳር በግ የሚሸጡ ሰዎች አየንና ሾፌሩ፣ «ባዶ ከምመለስ» ብሎ ወረደ። ተከራክሮ ሁለት ሙክት ገዛ። አልጋዬ ሊጫንበት የነበረው ቦታ ላይ አወጣቸው፤ ለአልጋዬ በመጣው ገመድ አሰራቸው።

ደብረ ብርሃን ቤቴ በር ላይ ወረድኩ። ሰናይት ወርዳ ሳመችኝ፤ መድኃኒትህን ውሰድ፣ ስልክህን ቻርጅ አድርግ አለች። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሐሳብዎን ከቀየሩ ቦታ አለ። በጎቹን ጠጋ ማድረግ ይቻላል» አለኝ።

ሰናይት ቀና ብላ አየችኝ።

«አይ፣ እነሱ ቀድመው ተሳፍረዋል፣ አላስነሣቸውም» አልኩ።

ሾፌሩ ሳቀ። ሰናይት ወደ ጋቢና ወጥታ በሩን ዘጋች። መኪናው ተንቀሳቀሰ። እሷ ወደፊት ነበር የምታየው፤ በመስተዋት እንኳ አላየችኝም ወይም እያየችኝ መሆኑን እንዳላይ አድርጋለች። ወደ ኋላ ዞረው የሚያዩኝ በጎቹ ብቻ ነበሩ፣ አስፋልቱ እስኪታጠፍ ድረስ። ግራ ቀኝ ቃኘሁ፤ ሰው አልነበረም። እጄን አንሥቼ ለበጎቹ አውለበለብኩ።